ሰባት ዓመት በአንድ ምድር ቤት

አንድ ወንድና አንዲት ሴት በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ መዝገብ ላይ አጎንብሰው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ አብረው ሲሠሩ በመካከላቸው ምን ይበቅላል? ይህን ጥያቄ ለመመለስ የፍቅር ልብ ወለድ ደራሲ መሆን አያሻም። በማናቸውም መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት አንድ ዓመት የቆየ ሰው ከበቂ በላይ ይነግራችኋል፤ በኮሪደሩ ሻይ የምታዞረው ሴት እንኳ ከዋና ዲሬክተሩ ቀድማ ታውቃለች። ሁለቱ ባለጉዳዮች ግን ከሁሉ ኋላ ያውቃሉ፤ ወይም ዐውቀው እንዳላወቁ ይሆናሉ። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» የሚባለው ይኸው ነው።

ዛሬ በዚህ ገጽ ልናወጋችሁ ያሰብነው እንዲህ ስላሉ ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች ነው። ሰዎቹ በሥጋ የሉም፤ የተፈጠሩት ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ነው። «ዘ ኤክስ ፋይልስ» የተባለውን ተከታታይ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ከእናንተ መካከል ያየው ብዙ ነው፤ ያላየውም ስሙን ሳይሰማ አይቀርም። ክሪስ ካርተር የተባለው ደራሲ የፈጠረው ይህ ተከታታይ፣ ፎክስ በተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት መታየት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሴፕቴምበር 10 ቀን 1993 ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በ2002 ተቋረጠ፤ በ2016 እና በ2018 እንደ ገና ተቀስቅሶ ጠቅላላው 218 ክፍል ደረሰ። በመካከሉም ሁለት የሲኒማ ፊልሞች፣ አንዱ በ1998፣ ሌላው በ2008 ወጥተዋል።

ፎክስ ሞልደር የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ፣ ማለት የኤፍ ቢ አይ መርማሪ ነው። ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ታናሽ እኅቱ ከቤታቸው ተሰወረችበት፤ የወሰዷትም ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ናቸው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ማንም ሊፈታቸው ያልቻለውን፣ «ኤክስ» የሚል ምልክት የተሰጣቸውን መዝገቦች ታቅፎ ዋሽንግተን በሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ተቀብሯል። ዴይና ስካሊ ደግሞ ሐኪም ናት። አለቆቿ ወደዚያ ምድር ቤት የላኳት የሰውዬውን ሥራ በሳይንስ ዐይን እየመረመረች ሪፖርት እንድታቀርብ፣ በግልጽ ለመናገር ሥራውን እንድታፈርስበት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲጻፍ አማኟ ሴቲቱ፣ ተጠራጣሪው ወንዱ መሆናቸው የተለመደ ነበር። ካርተር ግን አዟዞረው። እሱ በልቡ ይሮጣል፤ እሷ በማስረጃ ትይዘዋለች። ሞልደርን ዴቪድ ዱኮቭኒ፣ ስካሊን ጂሊያን አንደርሰን ተጫውተዋቸዋል።

በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚያ የተቀዳ ይመስለናል። ሁለቱ ለምርመራ ወደ ኦሬገን ሄደው በአንድ የመንገደኛ ማረፊያ ዐድረዋል። መብራት ጠፍቷል። ስካሊ ልብሷን ስትለውጥ ከወገቧ በላይ አንዳች እብጠት በእጇ ትዳስሳለች፤ በሟቾቹ ገላ ላይ የታየው ምልክት መስሏት ትደነግጥና በሌሊት ልብሷ ሮጣ የሞልደርን በር ታንኳኳለች፤ ጀርባዋንም እንዲያይላት ትጠይቀዋለች። እሱም ሻማውን አስጠግቶ ያይና የትንኝ ንክሻ መሆኑን ይነግራታል። እንግዲህ ሻማ አለ፤ ዝናብ አለ፤ ሌሊት አለ። ተመልካቹ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ይመስለዋል። የመጣው ግን ሌላ ነው። ሞልደር ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ እሷ አልጋው ላይ ጋደም ብላ፣ ስለ ጠፋችው እኅቱ ያጫውታታል። በዚያች ሌሊት የተሰጣጡት ምስጢር ነው። ገላ ለገላ ከመተያየት ይልቅ ምስጢር መስማት የበለጠ እንደሚያስተሳስር ደራሲው ዐውቆታል።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ጉዳይ እናንሣ። ይህን ፊልም ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቢገኝ የመጀመሪያው ፈተና ጭራቁም አይደለም፤ በራሪ ሳሕኑም አይደለም። ሞልደርና ስካሊ ምን ተባብለው ይነጋገሩ? እንግሊዝኛው ለአለቃም፣ ለልጅም፣ ለወዳጅም አንድ ቃል ስላለው ሁሉንም ይሸፍናል። በእኛ ግን «እርስዎ» አለ፤ «አንቺ» እና «አንተ» አለ። በመጀመሪያው ቀን «ዶክተር፣ እርስዎ» ብሎ የጀመረ ሰው ከስንት ወር በኋላ፣ በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ሌሊት «አንቺ» ይላል? አማርኛው የልብን ነገር ከአፍ ላይ ይነጥቃል፤ እንግሊዝኛው ግን ሰባት ዓመት ይደብቃል። ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚጠራሩትም በቤተሰብ ስማቸው ነው፤ «ሞልደር»፣ «ስካሊ» ይባባላሉ። በእኛ ልማድ ቢሆን ሰውን በራሱ ስም ትቶ በአባቱ ስም እንደ መጥራት ነውና፣ እንዲህ የሚል ሰው ወይ ቀልደኛ ነው፣ ወይ ጠብ የሚፈልግ ነው።

በዚህ ጥሪ ነገር ደራሲዎቹ በብልኀት ተጫውተውበታል። በ1994 መጀመሪያ ላይ የስካሊ አባት ይሞታል፤ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ሞልደር «ዴይና» ብሎ ይጠራታል። ያን ጊዜ ፊቷን ያየ ሰው አንድ ስም ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ይረዳል። በዚያው ዓመት በሌላ ክፍል ደግሞ ሞልደር በመኪና ውስጥ ተቀምጦ ተጠርጣሪ ሲጠብቅ፣ ስካሊ ምግብ ይዛለት ትመጣና «ፎክስ» ብላ ትጀምራለች። እሱ ይሥቃል፤ ወላጆቹ እንኳ ሞልደር ብለው እንዲጠሩት አድርጎ እንደ ነበር ይነግራታል። እሷም ተመልሳ «ሞልደር» ትለዋለች፤ ከእሱ በቀር ለማንም ብላ ራሷን ለአደጋ እንደማትሰጥ ትነግረዋለች። ሰውዬውም ነገሩ እንዳይከብድበት ወደ ቀልድ ይሸሻል፤ በከረጢቱ ውስጥ በረዶ የገባበት ሻይ ካለ ነገሩ ፍቅር ሳይሆን አይቀርም ይላታል። እሷም ያመጣችው ሩት ቢር የተባለውን ለስላሳ መጠጥ መሆኑን ትነግረዋለች። ነገሩ በዚያው ቀረ። ስንቶቻችን ነን ትልቁን ቃል በትንሽ ቀልድ አስቀርተን ወደ ቤታችን የገባነው!

ታሪኩን ያጠበቀው ግን የደራሲ ብልኀት ብቻ አይደለም። በ1994 ተዋናይቱ አንደርሰን አርግዛ ነበር። ሥራው ስለማይቆም ስካሊን ለጥቂት ጊዜ ማራቅ ግድ ሆነ፤ ስለዚህ ደራሲዎቹ በልብ ወለዱ ውስጥ አስጠለፏት። በዚያ ባልታሰበ ምክንያት ተመልካቹ ሞልደርን ያለ ስካሊ አየው። የአንገቷን መስቀል አጥልቆ ይዞራል፤ እሷ ተገኝታ በሆስፒታል ከሞት አፋፍ ስትመለስ መስቀሉን አምጥቶ ይሰጣታል። ቃል አልወጣውም። ነገር ግን አንድ ሰው የባልደረባውን መስቀል በአንገቱ ይዞ ከቆየ በኋላ ሲመልስ ምን እንደሚል ለማወቅ ትርጓሜ አያስፈልግም።

ታዲያ ስለ ምን አዘገዩት? ካርተር ሁለቱን ወደ አልጋ የመውሰድ ሐሳብ እንደሌለው በየጊዜው ይናገር ነበር። «ዘ አቬንጀርስ» የተባለውን የእንግሊዞች ተከታታይ መውደዱም የታወቀ ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ስቲድ የተባለው ሰው ባልደረባውን ዘወትር «ሚስስ ፒል» እያለ በአክብሮት ይጠራታል፤ በመካከላቸው ያለውንም ነገር ማንም በርግጥ አያውቅም። በቴሌቪዥን ሰዎች ዘንድ ሌላ ፍርሀትም ነበር፤ የ«ሙንላይቲንግ» ፍርሀት። ከ1985 እስከ 1989 በታየው በዚያ ተከታታይ ሲቢል ሼፐርድና ብሩስ ዊሊስ በአንድ የምርመራ ድርጅት ውስጥ እየተጨቃጨቁ የሚዋደዱ ባልደረቦች ነበሩ። በ1987 ተገናኙ፤ ከዚያ ወዲህ ተመልካቹ እየቀነሰ ሄደ። «ተገናኙና ተበላሸ» የሚለው ወሬ ከዚያ ተነሥቶ እንደ ሕግ ሆነ። ይሁን እንጂ ነገሩን ስንመረምረው ሕጉ ብዙም አይጸናም። ሼፐርድ መንታ አርግዛ ከሥራ ርቃ ነበር፤ ዊሊስ ወደ ሲኒማ ፊልም ሄደ፤ በ1988 የደራሲያን የሥራ ማቆም አድማ ተመታ፤ ተከታታዩን የፈጠረው ሰውም ሥራውን ለቀቀ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጥፋቱ በአንድ አልጋ ላይ ተላከከ። ኃላፊነት መሸሽ በኛ መሥሪያ ቤት ብቻ ያለ መስሏችሁ ከነበረ ተሳስታችኋል።

ተመልካቹም ለሁለት ተከፈለ። ይገናኙ የሚለው ወገን «ሪሌሽንሺፕ» ከሚለው ቃል ተነሥቶ «ሺፐር» ተባለ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ ወጣቶች ሁለት ሰዎችን በሐሳባቸው ሲያጋቡ የሚጠቀሙበት ቃል ከዚያ የወጣ ነው። ሌላው ወገን፣ ሥራቸውን ይሥሩ፣ ፍቅር ሌላ ፊልም ላይ ሞልቷል የሚለው ነበር። የመጀመሪያው ወገን «ላም አለኝ በሰማይ» እንዳለው ሰው ወተቷን ሳያይ ዓመታት ጠበቀ።

በ1998 በሲኒማው ፊልም ላይ ወተቷ ልትታለብ ነበር። ስካሊ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ተዛውራለች፤ ዝውውሩን ከመቀበል ሥራዋን መልቀቅን መርጣ ለሞልደር ልትነግረው ወደ ቤቱ ትሄዳለች። ተነጋግረው ስትወጣ በኮሪደሩ ይከተላታል፤ ሳይንሷና ጥርጣሬዋ ስንት ጊዜ እንዳዳነው፣ እውነተኛና ሙሉ ሰው ያደረገችው እሷ መሆኗን ይነግራታል። ልብ አድርጉ፤ ስለ ዐይኗ አልተናገረም፤ ስለ ጠጉሯም አልተናገረም። ያመሰገናት በሥራዋ ነው፤ እኛ ግን ከዚያ የበለጠ የፍቅር ቃል በዚህ ተከታታይ ውስጥ አልሰማንም። ፊታቸው ተቃረበ፤ ከንፈር ከከንፈር ሊገጥም የጣት ውፍረት ሲቀረው በኮሌታዋ ውስጥ የተደበቀች ንብ ነደፈቻት። ራሷን ሳተች። ንቧ መርዘኛ ተሕዋስ የተሸከመች ስለሆነች ለታሪኩ አስፈላጊ ነች ይባላል፤ በየሲኒማ ቤቱ የተቀመጠው ሕዝብ ግን ንቧን የላካት ደራሲው መሆኑን አላጣውም።

እስካሁን ሞልደርን በበጎ አንሥተነዋል። አሁን ደግሞ ክሱን እናቅርብ። በፌብሩዋሪ 1997 በታየው አንድ ክፍል ውስጥ ስካሊ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች። በዚህ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስለ ምን ጠረጴዛ የለኝም? ነው የጥያቄው ሐሳብ። በእርግጥም የለም። በክፍሉ ያለው አንድ ጠረጴዛ ነው፤ የሞልደር ነው። ሰውዬው ይገረማል፤ ከኋላ በኩል ያለው ቦታ የእሷ መስሎት እንደ ነበር ይመልሳል። ስለ ሰማይ ፍጡራን ሌሊቱን ሙሉ የሚያስበው ሰው፣ በአጠገቡ ያለችው ሐኪም ሪፖርቷን በምን ላይ እንደምትጽፍ አስቦ አያውቅም! እሱ በግዴታ ፈቃድ ወጥቶ የኤልቪስ ፕሬስሊን ቤት ሊጎበኝ ሲሄድ፣ እሷ ወደ ፊላዴልፊያ ተልካ ከማታውቀው ሰው ጋር ትወጣለች፤ ጀርባዋን ትነቀሳለች፤ ለጥቂትም ከሞት ታመልጣለች። ሲመለሱ እሱ ሁሉ ነገር የተደረገው በእሱ ምክንያት ይመስለዋል። እሷም ይህ የእኔ ሕይወት ነው ትለዋለች። መልስ ሊሰጥ ይጀምርና ቃል ያጥረዋል፤ ክፍሉ በዝምታ ያልቃል።

ከሥራ ጓደኞቻችን አንዷ ይህን ክፍል ካየች በኋላ «ሞልደርን ጠላሁት» አለችን። እኛ ጠበቃ ሆነን ሦስት ቀን ተከራከርናት፤ በአራተኛው ቀን ተረታን። የረታችንም በዚያው ዓመት በኤፕሪል የታየውን፣ ቪንስ ጊሊጋን የጻፈውን ክፍል ጠቅሳ ነው። መልኩን እንደ ፈለገ መለወጥ የሚችል አንድ ተራ ሰው የሞልደርን መልክ ይዞ፣ ወይን ጠጅ አንጠልጥሎ ወደ ስካሊ ቤት ይሄዳል። ምን አደረገ? ተቀምጦ ጠየቃት። ስለ ልጅነቷ ጠየቃት፤ መልሷንም ሰማት። እሷም በመገረም እያየችው ሳቀች፤ ብዙ አጫወተችው። ሊስማት ሲቃረብ እውነተኛው ሞልደር በሩን ሰብሮ ገባ። አስቂኝ ክፍል ነው፤ በደንብ ሥቀንበታል። ነገር ግን አንዱ አጭበርባሪ በአንድ ማታ ያደረገውን፣ ማለት አንዲት ጥያቄ ጠይቆ መልስ መስማትን፣ እውነተኛው ሰው በአራት ዓመት አላደረገውም። የሥራ ጓደኛችን ነጥብ ይህ ነበር፤ መልስም አላገኘንለት።

እናንተ አዲስ የተቀጠራችሁ ወጣቶች ይህን ነገር እንደ ፊልም ብቻ አትዩት። በሥራ ላይ የተወለደ መዋደድ ትልቅ ክብር አለው፤ ሰውን በበዓል ልብሱ ሳይሆን በድካሙና በስሕተቱ ያውቁበታል። ግን ሥራው የአንደኛው ሕልም፣ የሌላው አገልግሎት ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፣ ፍቅሩ ሁሉ የተሠራው በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ይህ ነገር ከካሜራው ወዲያም ነበር። አንደርሰን ከዓመታት በኋላ በይፋ እንደ ተናገረችው፣ በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት በካሜራ ፊት ከወንዱ ጥቂት ርምጃ ወደ ኋላ እንድትቆም ይፈለግ ነበር። ደመወዟም ከዱኮቭኒ ያንስ ነበር፤ እኩል ለመሆን ሦስት ዓመት ፈጀባት። ይባስ ብሎ በ2016 ተከታታዩ ሲቀሰቀስ መጀመሪያ የቀረበላት ክፍያ የእሱ ግማሽ ነበር። ተከራክራ አስተካከለችው። በ1997 ኤሚ የተባለውን ሽልማት በዋና ተዋናይነት የወሰደችው እሷ መሆኗን ስናስታውስ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል።

ሞልደርን በጠቅላላው ኮንነን እንዳንተወው ግን ሌላ ትዕይንት እንጥቀስ። በ1997 ስካሊ ካንሰር ይዟት በሆስፒታል ትተኛለች። ሞልደር በሌሊት ይመጣል፤ ተኝታለች። አይቀሰቅሳትም። ከአልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ያለቅሳል፤ እሷ አታውቅም። ሲነጋም አይነግራትም። ይህን ያየ ሰው ሰባት ዓመት ሙሉ የተጠበቀው ነገር ገና በአምስተኛው ዓመት ተፈጽሞ እንዳለቀ ይረዳል። የቀረው መነጋገር ነበር።

መሳሙስ? በመጨረሻ መጣ፤ በኖቬምበር 28 ቀን 1999። የሆስፒታል መጠበቂያ ክፍል ነው፤ የሞልደር ክንድ ታስሯል፤ ቴሌቪዥኑ የ2000 ዓ.ም. አዲስ ዓመት መግቢያን ከኒው ዮርክ ያሳያል፤ ሕዝቡ ሲሳሳም እሱም ዞር ብሎ ሳማት። ዓለምም አላለፈችም፤ ይህንኑ ራሱ ነገራት። ስድስት ዓመት የተፈራው ነገር ጥቂት ሰኮንድ ፈጅቶ አለቀ፤ ለእኛ ግን ከንቧ ይልቅ የሚጣፍጥ ሆኖ አግኝተነዋል፤ ምንም አላጌጠም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን አላስደሰተንም። በኤፕሪል 2000፣ አንደርሰን ራሷ ጽፋ ባዘጋጀችው ክፍል መክፈቻ ላይ፣ ስካሊ በሞልደር ቤት በመስተዋት ፊት ልብሷን ስትለብስ፣ እሱም አልጋ ላይ ተኝቶ ይታያል። ያ ብቻ። ከዚያም ልጅ ተፀነሰ፤ ሞልደር ተሰወረ፤ ዱኮቭኒም ከዋናው ሥራ ራቀ። ልጁ በ2001 ሲወለድ እንኳ የማን እንደሆነ ነገሩን በጭጋግ ጠቀለሉት። ሁለቱ ባልደረቦች ዝም ሲሉ ምክንያት ነበራቸው፤ ሥራው ይፈርሳል፣ አለቆች ይለያዩናል፣ ወዳጄን አጣዋለሁ የሚል ፍርሀት ነበረባቸው። ይህን ዝምታ ተመልካቹ አከበረው። በኋላ ግን ዝም ያሉት ደራሲዎቹ ናቸው፤ ለዚህም ምክንያት አልነበራቸውም። ተመልካቹ የቀነሰው በመሳሙ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን በ1999 ተሳስመው በ2000 የተለያዩ ሰዎችን ማን ቁጭ ብሎ ይመለከታል? ብለን እንጠይቃለን። ያጣነው የሁለቱን አብሮ መሥራት ነበር።

በ2008 ፊልም አብረው ሲኖሩ አየናቸው፤ በ2016 ተለያይተው አገኘናቸው፤ ግን ሥራው እንደ ገና ወደዚያው ምድር ቤት መለሳቸው። በማርች 21 ቀን 2018 በታየው የመጨረሻ ክፍል፣ በሌሊት፣ በወደብ ዳር፣ ስካሊ ሌላ ልጅ መፀነሷን ትነግረዋለች፤ ይተቃቀፋሉ። ጠጉራቸው ከበፊቱ ሳስቷል፤ ከመጀመሪያው ሻማ ከ24 ዓመት በላይ ሆኖታል። እስከዚያችም ሌሊት ድረስ እሱ ለእሷ «ስካሊ»፣ እሷም ለእሱ «ሞልደር» ነበሩ።